የኮምፒዩተር ዲግሪና የፕሮግራም ሥራ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥታችን ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ ጋራ ተስማምቶ፤ አምስት ሚሊዮን ሰዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍን በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚማሩበትን በር ከፈተ። በመቱ፤ በጎሬና በበደሌ ልጅ የሚያስተምር ወላጅም እንግዲህ ይህ ጥበብ በጥቂት ሳምንት የሚለመድ ከሆነ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011 በተቋቋመው በመቱ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት መቀመጥ ምን ይረባል ቢል አይፈረድበትም።

በእርግጥ ያለ ዲግሪ ተምረው በዚህ ሥራ የሚደነቁ ሰዎች በአገራችንም በውጭም አሉ። ነገር ግን የፕሮግራምን ቋንቋ ማወቅና የስሌቱን ሥር ማወቅ ሁለት ነገር ናቸው።

ሊቃውንት አንባብያን ከባሕረ ሐሳብ ይመልከቱት። ዓመተ ዓለሙ በንዑስ ቀመር በ19 ተገድፎ፤ ከተረፈው አንድ ሲነሣ ወንበር ይገኛል፤ ወንበርም በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይወጣል። ይህ ሕግ እንዳለ ለኮምፒዩተር ቢጻፍለት ለ2018 ዓ.ም. 7518 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ ወንበሩ 12 አበቅቴውም 12 ይሆናል። ይህ ትክክል ነው። በ2005 ዓ.ም. ግን 7505 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። የመምህሩ ደቀ መዝሙር ያን ጊዜ ተረፉን 19 ቈጥሮ ወንበሩን 18 ያደርጋል። ኮምፒዩተሩ ግን አስቀድሞ ካልተነገረው ከባዶ ላይ አንድ ነሥቶ፤ ስሕተት የሆነውን ቍጥር ሳያፍር ያወጣል፤ አጽዋማትና በዓላትም ከቦታቸው ይናወጣሉ። በደመወዝ መዝገብና በቡና ርክክብ ሒሳብም የሚደርሰው ይኸው ነው።

በአራቱ ዓመት ከሚሰጠው ትምህርት ዋናው ይህን አስቀድሞ ማየት ነው፤ ይኸውም የስሌት ዘዴ፤ የመረጃ አደራደር፤ የዳታቤዝና የኔትዎርክ አሠራር ነው። ቋንቋው ቢለወጥ ይህ አይለወጥም።

ሆኖም ወረቀቱ ብቻውን ዕውቀት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ከመቶ 50 ሳያገኝ ዲግሪ እንዳይቀበል የመውጫ ፈተና ተደንግጓል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ተማሪ የሌላውን ቅኔ በቃሉ ስለ ያዘ ባለ ቅኔ አይባልም፤ ራሱ ቈጥሮ ለመምህሩ ሲነግር ነው እንጂ። መልስ በመምረጥ ያለፈ፤ ዳሩ ግን አንድ ፕሮግራም ከጥንቱ እስከ ፍጻሜው ጽፎ የማያውቅ ባለ ዲግሪም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በኢሉባቦር ያሉ የመሥሪያ ቤት ሹማምንት ፕሮግራም ጸሓፊ ሲቀጥሩ የዲግሪውን ማኅተም አይተው ብቻ አይፍረዱ። ባለ ዲግሪውንም በኢንተርኔት የተማረውንም በአንድ ክፍል አስቀምጠው፤ ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሰው ስምና ምሥጢር የሌለበትን ገጽ፤ አንድ የተሳሳተ ቍጥር ሆን ብለው ጨምረውበት፤ ግማሽ ቀን ያሠሩአቸው። ዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎቹን ገና በሦስተኛው ዓመት ወደ እነዚሁ መሥሪያ ቤቶች ቢልካቸው፤ ፈተናው በመጣ ጊዜ እንግዳ አይሆንባቸውም።