ከስፒከሩ ጀርባ ያለው ቀዳዳ

ባለፈው ወር ከእኛ ሥር የሚኖሩት ጎረቤታችን በር አንኳኩ። የኮንዶሚኒየም ኑሮ ይገባችኋል፤ እኚህ እናት ከሥራ ሳመሽ ልጄን ተቀብለው መክሰስ የሚያበሉልኝ ናቸው። «ልጄ፣ ዘፈኑንስ አልሰማውም፤ ዱም ዱም የሚለው ግን ትራሴ ውስጥ ገብቶ እንቅልፍ ነሳኝ» አሉኝ። ደም ግፊት አለባቸው። አፈርኩ።

ድምፁን ብቀንሰው ዘፋኙ ጠፋ፤ ዱም ዱሙ ቀረ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ልንገራችሁ፦ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የምንጽፈው ዋቱን ነው፤ ዕቃው የት ይቀመጥ የሚለው መመሪያው ውስጥ በደቃቅ ፊደል ይቀራል።

እኔ ቦታ እንዲቆጥብ ብዬ ስፒከሩን ቡፌው አጠገብ ጥግ ላይ ወትፌው ነበር። ወፍራም ድምፅ እንደ ቀጭኑ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ በየአቅጣጫው ይሰራጫል፣ ከግድግዳ ተመልሶም ይደራረባል። በስሌት አንድ ግድግዳ ብቻ ቤዙን እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምረው ይችላል። ጥግ ላይ ደግሞ ሁለት ግድግዳ አለ።

ጀርባው ላይ ያለው ክብ ቀዳዳም ጌጥ አይደለም። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ያው ነው። ትንሽ ሳጥን ከቁመቱ በላይ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው በዚያ ቱቦ ውስጥ በሚንቀጠቀጠው አየር ነው። የቱቦው ርዝመትና ስፋት ከሳጥኑ ጋር ተሰልቶ የተሠራ ስለሆነ ከግድግዳ ጋር አታጣብቁት።

ክፍሉ ራሱም ያስገመግማል። ሳሎናችን 4 ሜትር ነው፤ ይህን የሚያክል ክፍል 43 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ነው፤ አስቡት! ጉልበቱ የሚበረታው ግድግዳው ጋ ነው፣ መሃል ላይ ይሳሳል። የእኛ ሶፋ ደግሞ የት ነው? ግድግዳው ጋ።

ሳብዉፈር ያላችሁ ሶፋው ላይ አስቀምጡትና ሙዚቃ ከፍታችሁ ወለሉ ላይ እየዳሃችሁ አዳምጡ። ቤዙ ሳያብጥ ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ የእሱ ቦታ ነው። (ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል።)

እኛ የለካነው ግን ታች ነው። እኔ ጎረቤታችን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በስልክ «ትንሽ ሳበው» እላለሁ፤ ባለቤቴ ላይ ሆኖ ይጎትታል። ከጥጉ ወጥቶ ከኋላው ግድግዳ ግማሽ ሜትር ሲርቅ እሳቸው እጃቸውን አነሡ። የቀረውን በንጹሕ ካልሲ ጨረስነው፤ ጠቅልለን ቀዳዳው ላይ ወተፍነው፣ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ጫፉን ውጭ ትተን። ቤዙ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ይጠራል።

ቀን ቀን ካልሲው ይወጣል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይገባል፤ ከእሳቸው ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው።