የመንዝን ዳገት ለፈረንጅ ነው የተውነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ በሚታይበት ቤት ውስጥ ቻናሉ ተሳስቶ ወደ ብስክሌት ውድድር ቢዞር ምን እንደሚፈጠር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ኧረ ቀይረው! ይሄ ደግሞ ምኑ ነው?» ይባላል፤ ሪሞት የያዘው ልጅም ስድብ ሳይጠግብ አይውልም። የማንቼና የአርሴ ደጋፊ ቢጣሉ እንኳ በዚህ ጉዳይ ይስማማሉ። ብስክሌት ለብዙው የስፖርት ቤተሰብ ወይ የልጅነት ኪራይ ነው፣ ወይ የፈረንጅ ቅብጠት።

ታሪኩ ግን እንደዚያ አይልም። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ ይዛ የሄደችው ሁለት ስፖርት ብቻ ነበር፤ አትሌቲክስና ብስክሌት። ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 25ኛ ሲወጣ ቡድኑ 9ኛ ሆኗል። ይሄ ሁሉ ከሰሜን ሸዋ ጃቶ የተገኘው አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ ከማስደነቁ 4 ዓመት በፊት ነው። ሩጫው ወርቅ አመጣና ጎዳናው ሁሉ የሯጭ ሆነ፤ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ሌሎች ሰዎች መጡ። «ቱር ዳፍሪክ» የተባለው ከካይሮ ኬፕታውን የሚዘልቀው የብስክሌት ጉዞ በዚያ ዓመት ተጀመረና ለዓመታት ኢትዮጵያን ሲያቋርጥ ቆየ። ከመተማ ገብተው፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን አልፈው፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዱ ነበር። ከድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን ያለውን ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ደግሞ በሰዓት ተለክተው ይወጡት ነበር! አውቶቡስ የሚያቃስትበትን ዳገት ማለት ነው። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎም ደቡብን ይዞ ሞያሌ። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ፕሮፌሽናል አይደሉም፤ እረፍት ወስደው፣ ከፍለው የሚመጡ፣ ጡረታ የወጡ ሁሉ ያሉበት ሰዎች ናቸው። አገራችንን ከዳር እስከ ዳር በፔዳል ያዩት እነሱ ናቸው። የአዲስ አበባ ልጅስ? ሱሉልታ ደርሶ ከተመለሰ በቂው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጓደኛ ማንሳት ግድ ይላል። ረጅም የብስክሌት ጉዞ ለብቻ የሚያዝ ነገር አይደለም። ሁለት ሆነው ሲሄዱ ፊተኛው ነፋሱን ይሰብራል፤ ኋለኛው በሜዳ ላይ ከጉልበቱ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ይቆጥባል። ቀጥሎ ይቀያየራሉ። ጎማ ሲፈነዳ አንዱ ካላማዳሪያውን ሲፈታ ሌላው መኪና ይጠብቃል። ለኳስ አፍቃሪ ይበልጥ የሚገባው በማኬሌሌ ነው። ጎል አያገባም፣ ፎቶ ላይ ጎልቶ አይታይም፤ ሪያል ማድሪድ እ.ኤ.አ. በ2003 ለቼልሲ ሲሸጠው ነበር ስንት ሰው ተሸክሞ እንደሚጫወት የታወቀው። የብስክሌት ስፖርት ግማሹ ሥራ የማኬሌሌ ሥራ ነው።

ይሄን ጎረቤት ኤርትራ ቀድማ ገብቷታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቅዱስ በአንድ ቡድን ሆነው ቱር ደ ፍራንስ ገቡ። ዳንኤል የዳገት ንጉሥን ባለነጠብጣብ ማሊያ ለ4 ቀናት ለበሰ። ከዚያ መንገድ ላይ ቢኒያም ግርማይ ተነስቶ በ2024 ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ፓሪስ ሳይሆን ኒስ ላይ ወሰደ፤ የዚያ ዓመት ፍጻሜ እዚያ ነበርና። የኛው የመቐለ ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ አጠገቡ የአገሩን ልጅ አላገኘም። የተሰለፈው በጣሊያኑ ላምፕሬ ቡድን ነበርና ያንን ሁሉ ነፋስ ከባዕዳን ጋር ሰበረ። እየሩ ገብሩ ደግሞ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው። ይሄ የማንንም የስፖርት ቤተሰብ አንጀት ሊበላ ይገባ ነበር፤ በኳሱ ጩኸት መሐል ግን የሰማውም ጥቂት ነው።

«መንገዱ አይመችም» የሚል መልስ ይመጣል። ሩዋንዳም የሺህ ተራራ አገር ናት። ውድድሯ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም አቀፍ ደረጃ ያዘ፤ በ2025 ኪጋሊ አፍሪካ አይታው የማታውቀውን የዓለም ሻምፒዮና አስተናገደች። ዳገት እንከን ሳይሆን ሀብት መሆኑን የገባው ፌዴሬሽን ነው ልዩነቱ።

ዳገት ከተፈለገ ደግሞ መንዝ አለ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ጣርማበር ላይ ወደ ግራ ታጥፎ፣ በጓሳ ሣርና በጭላዳ መንጋ መሐል አልፎ መሐል ሜዳ ይደረሳል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ከፍታ ነው፤ አየሩ ሳስቶ ሳንባን ይፈትናል፣ ውርጩ ያለ ባና አያስተኛም። አውሮፓውያን እንዲህ ያለ ቦታ ለመሰልጠን ተራራ ላይ ሆቴል ይከራያሉ። ከመርሐቤቴና ከግሼ እስከ ቀየት ያለው አገር ግን እነ ቱር ዳፍሪክም የማይነኩት፣ የኛም ክለቦች የማይዞሩበት ነው።

ድንጋዩስ? እውነት ነው፣ አገራችንን በብስክሌት ያቋረጡ ፈረንጆች መንገድ ዳር ልጆች ድንጋይ እንደሚወረውሩባቸው ሳይጽፉ አይቀሩም። ያሳፍራል። ነገር ግን ልጁ በሳይክል ሲያልፍ የሚያየው ሁሌ ባዳ ከሆነ ጨዋታ አድርጎ ቢቆጥረው ምን ይደንቃል? ቋንቋውን የሚናገር፣ ቆሞ ውሃ የሚለምን፣ «ና እስኪ ያዝልኝ» ብሎ መሪውን የሚያስይዘው የአገር ልጅ አይቶ አያውቅም። ፖሊስ ከማቆም ይልቅ ይሄ ይቀላል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ይሄን ሐሳብ የቅንጦት እንዳስመሰለው መካድ አይቻልም። ሰው ለሥራና ለሕክምና የሚወጣበት መንገድ በሚያስፈራበት ጊዜ ስለ ሳይክል ማውራት ቀልድ ይመስላል። ግን ፌዴሬሽኑም ሆነ ክለቦቹ ሰላም ሲመጣ የሚያወጡት ዕቅድ ከአሁኑ መሳቢያ ውስጥ መኖር አለበት። ትልቅ ውድድር፣ ስፖንሰር፣ ባነር ምናምን አይደለም የሚጠየቀው። ሁለት ወጣት፣ ሁለት ሳይክል፣ አንድ መንፊያ፣ በከረጢት በሶ። የመጀመሪያው ቀን ደብረ ብርሃን ማደር፤ በማግስቱ ጠዋት፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ወደ ጣርማበር።