«አርሚኒያዊ» ስድብ አይደለም

የወንጌላውያን ወጣቶችን የማኅበራዊ ሚዲያ ክርክር ለሚከታተል ሰው «አርሚኒያዊ» የሚለው ቃል አዲስ አይደለም። ቃሉ መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ ስድብ እየሆነ ነው። ክሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እነዚህ ሰዎች፣ ሰው በገዛ ጥረቱ ይድናል ይላሉ።»

ክሱ ሐሰት ነው። ይህን ለማወቅ የነገረ መለኮት ዲግሪ አያስፈልግም፤ ከሳሾቹ ተከሳሹን ቢያነቡት ይበቃ ነበር።

ያዕቆብ አርሚኒየስ ሆላንዳዊ መጋቢ ነበር። ጄኔቫ ሄዶ የተማረው ከካልቪን ተተኪ ከቴዎዶር ቤዛ ነው። ከ1603 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1609 ድረስ በላይደን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1610 ተከታዮቹ ባለ አምስት አንቀጽ አቤቱታ አቀረቡ። ሦስተኛውን አንቀጽ ተመልከቱ፦ ሰው በራሱ ነጻ ፈቃድ ኃይል የሚያድን እምነት ሊኖረው አይችልም፤ በመንፈስ ቅዱስ ዳግም መወለድ አለበት ይላል። ታዲያ «በጥረቱ ይድናል» የሚለው የቱ ጋ ነው?

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። አርሚኒያውያን ክርስቶስ ለሰው ሁሉ ሞቷል፣ ጸጋ ቀድሞ ይመጣል፣ ሰው ግን እምቢ ሊለው ይችላል ይላሉ። አርሚኒየስ ራሱ ነገሩን በለማኝ መስሎታል፦ የተራበ ሰው እጁን ስለዘረጋ ምጽዋቱ ስጦታ መሆኑ ይቀራል? «ስለ እግዚአብሔር» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

«ታዲያ አንዱ ተቀብሎ ሌላው እምቢ ያለው ለምንድን ነው?» የሚለው የካልቪናውያን ጥያቄ ከባድ ነው፤ አልክድም። የእነሱም ሸክም ግን ቀላል አይደለም። ጸጋው ለተመረጡት ብቻ ከሆነ፣ ላልተመረጠው ሰው «ና፣ ተቀበል» ብሎ መስበክ ምን ማለት ነው? ሁለቱም ወገን ከባድ ጥያቄ ተሸክሞ ሳለ አንዱ ሌላውን መናፍቅ ማለቱ ድፍረት ነው።

ይህ ድፍረት የት እንደሚያደርስ ታሪክ አሳይቷል። በ1618 በዶርድሬክት ሲኖዶስ ሲጠራ አርሚኒያውያን የቀረቡት እንደ ተከሳሽ እንጂ እንደ ጉባኤው አባል አልነበረም። በጥር 1619 ከአዳራሹ ተባረሩ። ከዚያም 200 ያህል አገልጋዮች ከሥራቸው ተነሡ። ደጋፊያቸው የነበረው አንጋፋው ፖለቲከኛ ኦልደንባርኔቬልት በግንቦት 1619 አንገቱ ተቀላ። በዓለም አቀፍ ሕግ የምናውቀው ሁጎ ግሮሺየስ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት፣ በ1621 በመጽሐፍ ሣጥን ተደብቆ አመለጠ።

«ይህማ የልዑል ሞሪስ የሥልጣን ትግል ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ የምለውም እሱኑ ነው። ሥልጣን ያለው ሰው ባላንጣውን ሊመታ ሲፈልግ፣ የሃይማኖት ሰዎች የለጠፉትን ስም ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። እኛ አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ሌላም ምሳሌ አለ። አርሚኒያዊው ጆን ዌስሊና ካልቪናዊው ጆርጅ ዋይትፊልድ በዚሁ ጉዳይ በአደባባይ ተጣልተዋል። ዋይትፊልድ በ1770 ሲሞት ግን ለንደን ላይ የመታሰቢያውን ስብከት የሰበከው ዌስሊ ነበር። ሁለቱም እምነታቸውን አልለወጡም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ክርክሩ ይቀጥል። የምትከራከሩት ግን ሰውየው ካለው ጋር ይሁን፤ አላለውን በአፉ እያስገባችሁ አይደለም።