ጊዜያችንን የሚያከብር ጌም

«ክሮኖ ትሪገር» ከብዙዎቻችን በዕድሜ ይበልጣል። የጃፓኑ ስኩዌር ኩባንያ በፈረንጆቹ 1995 ለሱፐር ፋሚኮም ያወጣው ጌም ነው። ሰሞኑን እንደገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወትነው። 4 ሜጋባይት በሚይዝ ካርትሪጅ ውስጥ የገባ ታሪክ፣ ዛሬ የስልካችንን ሜሞሪ ከሚሞሉት ግዙፍ ጌሞች ለምን በለጠብን?

«ናፍቆት ነው» የሚሉን አይጠፉም። ናፍቆት እንዳንል ጌሙ ሲወጣ እኛ ገና አልተወለድንም። የኛ መልስ ሌላ ነው፤ ይህ ጌም የተጫዋቹን ጊዜ ያከብራል፣ የሚያደርገውንም ነገር ከቁም ነገር ይቆጥራል።

ነገሩ ከሠሪዎቹ ይጀምራል። የ«ፋይናል ፋንታሲ» አባት ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ የተቀናቃኙ የ«ድራገን ኩዌስት» ፈጣሪ ዩጂ ሆሪ እና በ2024 ያረፈው የ«ድራገን ቦል» ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማ ለአንድ ሥራ ተገናኙ። እስከዚያ ድረስ የድምፅ ሠራተኛ የነበረው ወጣቱ ያሱኖሪ ሚትሱዳ ደግሞ «ሙዚቃ እንድጽፍ ካልፈቀዳችሁ ሥራ እለቃለሁ» ብሎ ዕድሉን አገኘ። ሲሠራ ታመመ፤ የቀረውንም ኖቡኦ ኡየማትሱ ሞላለት። ሕመሙን እያወደስን አይደለም። ሙዚቃው ግን ዛሬም በጆሮ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ ጌሙ እንግባ። ወጣቱ ክሮኖ በ1000 ዓመተ ምሕረት በሚከበር የበዓል ገበያ ላይ ይገኛል። ተጫዋቹም እንደማንኛውም የጌም ሰው ያገኘውን ሁሉ ይነካካል። የሰው ምሳ አንስቶ ይበላል፣ የጠፋች ድመት ለባለቤቷ ይመልሳል ወይም አይቶ ያልፋል። ከሰዓታት በኋላ ክሮኖ ልዕልት ጠልፈሃል ተብሎ ችሎት ሲቆም እነዚያ ትንንሽ ነገሮች ምስክር ሆነው ይመጣሉ! ምሳው የተበላበት ሰው ሳይቀር ይናገራል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ፍርዱ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ነፃ ቢባልም ወህኒ መውረዱ አይቀርም። የሠሪዎቹ ብልሃት ግን እዚህ ላይ ነው። በአንድ ትዕይንት ብቻ «እያየንህ ነው» ብለው አስጠንቅቀውናል። ከዚያ በኋላ የሰው ዕቃ ስናነሳ ሁለቴ እናስባለን።

ታሪኩ ወዲያው ይሰፋል። ጓደኛሞቹ በጊዜ ተጉዘው ላቮስ የተባለ ፍጡር በ1999 ዓለምን እንደሚያጠፋ ያያሉ። ለነሱ ገና አንድ ሺህ ዓመት ሊሞላ አንድ ዓመት የጎደለው ነገር ነው። «ያኔ ማን ይኖራል?» ብለው መተው ይችሉ ነበር፤ አልተዉትም።

ከሁሉም ልባችንን የነካው የሮቦ ነገር ነው። ምድረ በዳ የሆነ መሬትን ደን ለማድረግ ሮቦ የተባለው ሮቦት በ600 ዓመተ ምሕረት ወደኋላ ይቀራል። ሌሎቹ በጊዜ መንኮራኩራቸው ወደ 1000 ሲሻገሩ ለኛ የደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ለሮቦ ግን 400 ዓመት የሥራ ዘመን ነው። ስንደርስ ደኑ በቅሏል፣ ሮቦም ቆሞ ይጠብቀናል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ልፋትን እንዲህ አሳጥሮ፣ ግን ሳያቃልል የሚያሳይ ትዕይንት በፊልምም ብዙ አላየንም።

ውጊያውም ቢሆን ጊዜ አያባክንም። በዚያ ዘመን በብዙዎቹ መሰል ጌሞች መንገድ ላይ ስትሄዱ ስክሪኑ ድንገት ይቀየርና ካላያችሁት ጠላት ጋር ትፋጠጣላችሁ። እዚህ ግን አብዛኛው ጠላት ፊት ለፊት ይታያል፤ ጠቡም በቆማችሁበት ይጀመራል። ጌሙ በሃያ ምናምን ሰዓት ያልቃል። ድጋሚ ለመጫወት የፈለገ ደግሞ ያካበተውን ጉልበት ይዞ ይጀምራል፤ ላቮስን እንደገጠመበት ጊዜም ከአሥር በላይ የተለያዩ መጨረሻዎች ይጠብቁታል።

እንከን የለውም አንልም። ክሮኖ ራሱ ዝምተኛ ነው፣ አንዳንዱ ገጸ ባሕርይም ከሚገባው በላይ ቸኩሎ ያልፋል። ነገር ግን ከዛሬዎቹ የስልክ ጌሞች ጋር አስተያዩት። በየቀኑ ግቡ ይሉናል፣ ካልገባችሁ ሽልማቱ ያመልጣችኋል ይሉናል፣ በየሳምንቱ በአፕዴት ዳታችንን ይበላሉ፣ መጨረሻ ግን የላቸውም። እንዳያልቁ ሆነው ነው የተሠሩት። ሰው የሚለምደው ታሪኩን ሳይሆን ጣቱን ማንቀሳቀሱን ነው።

ወጣት ሰው ገንዘብ ባይኖረው ጊዜ አለው ይባላል። እንግዲያው ጌም ስንመርጥ መጠየቅ ያለብን ስለ ግራፊክሱ ብቻ አይደለም። «ከዚህ ጌም ጋር የማሳልፈው ሰዓት ምን ትቶልኝ ይሄዳል?» ብለን እንጠይቅ። ክሮኖ ትሪገር በስልክም በኮምፒውተርም ይገኛል። ሞክሩት፤ ብቻ የሰው ምሳ እንዳትበሉ!