መልእክቱ በሠራተኛው እንዳይቀደም፦ የውህደት ማዕቀፍንና የቻት ሰርቨርን በመተማ ቆላ ስለ ማገናኘት

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከደጋው የአማራ አካባቢ ብዙ የቀን ሠራተኛ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳል፤ አጨዳው ሲያልቅም ወደየቀዬው ይመለሳል። አንዳንዱ ግን ከደመወዙ ጋር ካላ አዛርን ይዞ ይመለሳል። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ሰውየው ታሞ የሚተኛው ከተነከሰበት ቦታ ርቆ፣ ምናልባትም በሽታውን አይቶ በማያውቅ ጤና ጣቢያ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የታወቀው ወረርሽኝ መነሻው ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች እንደሆኑ ይታመናል፤ በመጀመሪያም መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ተወስዶ ነበር። በሽታው ከሰው ጋር ተጉዞ ደጋ ደረሰ፤ በቆላው ጤና ተቋማት የነበረው እውቀት ግን አብሮት አልተጓዘም።

የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ይህን ታሪክ «የሐኪሞች ጉዳይ ነው» ብለን ማለፍ የለብንም። በአንዱ ወረዳ የተመዘገበ መረጃ ሌላው ወረዳ ሳይደርስ መቅረቱ የሥርዓቶች ውህደት ችግር ነው፤ ውህደት ደግሞ የእኛ ሙያ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምከራከረው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንደ ምዕራብ ጎንደር ባለ የድንበር ቆላ የማንቂያ መልእክትን ለማድረስ ቀላልና ክፍት የሆነ፣ በአገር ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል የቻት ሰርቨርን ከውህደት ማዕቀፍ ጋር ማገናኘት ተገቢ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ የሚጠቅመው ቻቱን እንደ መስኮት እንጂ እንደ ጎተራ ካልቆጠርነው ብቻ ነው።

ሁለቱ መሣሪያዎች

አፓቺ ካሜል እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ክፍት የውህደት ማዕቀፍ ነው። መሠረቱ ግሬጎር ሆፕና ቦቢ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ የተሰበሰቡት የመልእክት ማስተላለፊያ ንድፎች ናቸው። ስሙ «ግመል» ማለት ነው፤ በመተማና በገላባት መካከል የነበረውን የሲራራ ንግድ ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ግመል ጭነቱ ቡና ይሁን ሰሊጥ አይጠይቅም። ካሜልም ከአንድ ጫፍ የተቀበለውን ያጣራል፣ ይከፋፍላል፣ ቅርጹን ይለውጣል፣ ወደ ሌላው ጫፍ ያደርሳል። ጫፎቹ ዳታቤዝ፣ የወረፋ ሰርቨር፣ የስልክ አጭር መልእክት፣ ቴሌግራም ወይም የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 ሊሆኑ ይችላሉ።

ከጫፎቹ አንዱ አይ አር ሲ ነው። ይህን የቻት ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1988 በፊንላንድ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ያርኮ ኦይካሪነን ሠራው፤ ደንቡም እ.ኤ.አ. በ1993 በሰነድ ወጣ። ካሜል በዚህ ጫፍ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ እንደ አንድ ተሳታፊ ወደ ቻት ክፍል ገብቶ የሚባለውን ይሰማል፤ ከሌላ ሥርዓት የመጣውንም በክፍሉ ውስጥ ይናገራል።

«ሁሉም ሰው ቴሌግራም ሲኖረው ይህ አሮጌ ነገር ለምን?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቴሌግራም ሰርቨሮች ያሉት ግን ከአገር ውጭ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት ጤና ጣቢያዎች እንኳ በቴሌግራም መገናኘት አይችሉም ነበር። የአይ አር ሲ ሰርቨር በአንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ ገንደ ውኃ ወይም ጎንደር ሊቀመጥ ይችላል። የውስጥ መስመር እስካለ ድረስ፣ ለምሳሌ እንደ ወረዳኔት ባለ የመንግሥት መረብ፣ የውጭው ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል። የሚያስተላልፈውም ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ደካማ መስመር ይበቃዋል።

ግስ መጨረሻ በሚመጣበት ቋንቋ

እስከዚህ ያልኩት የመሣሪያውን ውዳሴ ነው። ጉድለቶቹ ግን ለእኛ ከሌላው ሰው ይልቅ ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው የቋንቋ ነው። በአይ አር ሲ ደንብ አንድ መልእክት ከመስመር መዝጊያው ሁለት ባይት ጋር ከ512 ባይት መብለጥ አይችልም። ከዚህ ውስጥ የላኪው መለያና የክፍሉ ስም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ለጽሑፉ 420 ባይት ቀረ እንበል። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የግእዝ ፊደል በዩ ቲ ኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 420 የላቲን ፊደል በሚገባበት ቦታ የሚገባው 140 የግእዝ ፊደል ነው።

ትርፉ የሚቆረጠው ከመጨረሻ ነው። ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው፤ በአማርኛ ፍርዱን የሚሰጠው ግሱ ነውና፣ ግሱም የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ ብዙ ስደተኛ በመተማ ዮሐንስ በኩል ገብቷል፤ በኩመር መጠለያም በዚያው ክረምት ኮሌራ ተቀስቅሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቦታ፣ የቀንና የተቋም ዝርዝር አስቀድሞ «ከተወሰዱት ናሙናዎች የኮሌራ ተሕዋሲ አልተገኘም» ብሎ የሚያበቃ መልእክት ተልኮ «የኮሌራ ተሕዋሲ» ላይ ቢቆረጥ፣ ተቀባዩ የሚያነበው የተላከውን ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠው በአንድ ፊደል ሦስት ባይቶች መካከል ከሆነ ደግሞ መጨረሻው የማይነበብ ምልክት ይሆናል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። የካሜል ከፋፋይ በፊደል ቁጥር ሳይሆን በባይት፣ በቃላት ድንበር ላይ እንዲከፍል ማድረግ፤ ውጤቱን ማለትም «አለ» ወይም «የለም» የሚለውን ከመልእክቱ ራስ ላይ ማስቀደም፤ እያንዳንዱን ክፍል «1 ከ3» እያሉ መቍጠር። ይህን ግን የውጭ መመሪያ አይነግረንም፤ ልናስብበት የሚገባን እኛ ነን።

ተላከ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይብሳል። አይ አር ሲ በክፍሉ ላልነበረ ሰው መልእክት አያቆይም፤ መድረሱንም ለላኪው አያረጋግጥም። በላፕቶፔ ላይ ትንሽ ሰርቨር አቁሜ የተቀባዩን መስመር ነቀልኩት። ካሜል መልእክቶቹን ያለ አንዳች ቅሬታ ላከ፤ መዝገቡም ሁሉም እንደተሳካ አሳየ። መስመሩ ሲመለስ ተቀባዩ ክፍል ውስጥ ያገኘው ባዶ ነበር። ላኪው አልዋሸም፤ የተጠየቀው መላኩን እንጂ መድረሱን አልነበረም። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቆላ ይህ በየቀኑ የሚገጥም ነገር ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ንድፍ ይህ ነው። እያንዳንዱ ማንቂያ ቁጥር ተሰጥቶት በመጀመሪያ በዲስክ ላይ በሚቀመጥ ወረፋ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ቻት ክፍሉ ይነገራል። ያነበበው ባለሙያ «ደረሰኝ» ብሎ ቁጥሩን ሲጽፍ ያው ካሜል ከክፍሉ ሰምቶ ማንቂያውን ከወረፋው ያነሣዋል። እንደ ኮሌራ ያሉ በሽታዎች ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲነገሩ የአገሪቱ የቅኝት መመሪያ ያዛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ደረሰኝ» ካልመጣ መልእክቱ በስልክ አጭር መልእክት ይሄዳል። ያም ካልሆነ ሰው በየጠዋቱ ወደሚያየው የወደቁ መልእክቶች ሣጥን ይገባል። መልስ ጠፍቶ አንድ ማንቂያ ሁለት ጊዜ ቢላክ ተቀባዩ ሥርዓት በቁጥሩ ለይቶ እንዲጥለው መደረግ አለበት፤ አለዚያ አንዱን ታማሚ ሁለት አድርጎ ይቆጥራል።

እዚህ ላይ የፍጥነት ገደቡም መረሳት የለበትም። የ1993ቱ ደንብ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ መልእክት 2 ሰከንድ ቅጣት እንዲያስብና ቅጣቱ 10 ሰከንድ ሲደርስ እንዲያዘገይ ይመክራል። መስመር ተቋርጦ 60 ማንቂያ ቢጠራቀም ሲመለስ ሁሉንም ለማውጣት ወደ 2 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ያለ ልጓም የሚለቅ ፕሮግራም ከክፍሉ ይባረራል፤ ስለዚህ የካሜል ማዘግያ ንድፍ ከመጀመሪያው ይታሰብበት፤ በወረፋውም ኮሌራ ከሳምንታዊ ሪፖርት ይቅደም።

የታማሚው ስም

የመጨረሻው ነጥብ የምሥጢር ነው። በመተማና በሁመራ ቆላ ከካላ አዛር ታማሚዎች መካከል ኤች አይ ቪ ያለባቸው ጥቂት እንዳልሆኑ የታወቀ ነው። በቻት ክፍል ውስጥ የተጻፈ ስም ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያየዋል፤ ግንኙነቱ ካልተመሰጠረ መንገድ ላይም ይነበባል። ስለዚህ በማንቂያው ውስጥ ስም፣ ቀበሌና ስልክ ቁጥር ፈጽሞ ሊገባ አይገባም። የሚገባው የመዝገብ ቁጥር፣ በሽታው፣ የሠራበት አካባቢና የሚመለስበት ወረዳ ነው። ይህን የሚያጣራው የላኪው ጥንቃቄ ብቻ እንዳይሆን፣ ማዕቀፉ ራሱ ያልተፈቀደ መስክ ያለበትን መልእክት ይመልስ።

አይ አር ሲን እንደ ታቦት አልሳለመውም። ነገ ማትሪክስ ወይም ሌላ ክፍት ፕሮቶኮል የተሻለ ሆኖ ቢገኝ፣ በካሜል መስመር ላይ አንዱን ጫፍ ነቅሎ ሌላውን መትከል ይቻላል፤ የውህደት ማዕቀፍ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ወረፋው፣ ቁጥሩ፣ «ደረሰኙ»ና ማጣሪያው ግን ጫፉ ቢለወጥም አይለወጡም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምንፈልግ ተማሪዎች ሌላ አዲስ የቻት መተግበሪያ ከመሥራታችን በፊት፣ ከመተማ ጤና ጣቢያ ወደ ሊቦ ከምከም አንዲት ማንቂያ መስመር በተቆረጠበት ቀን እንዴት ትደርሳለች ብለን ብንሠራ የሚጠቅም ይመስለኛል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማኒያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል በአቅራቢያችን ነው፤ የችግሩ ባለቤቶች ጥያቄያችንን ለመስማት ሩቅ አይደሉም። ሠራተኛው በመጪው ክረምትም ወደ ቆላ ይወርዳል። ሲመለስ መልእክቱ ቀድሞት ቢጠብቀው ሐኪሙ ወባ ነው ብሎ አይሸኘውም።