የውጤት ካርድ የምርጫ ካርድን አይተካም!

ወገን፣ ይሄን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብበው። ረዘም ይላል፤ ግን የሰፈርህ ጉዳይ ነው።

«አካታች የአካባቢ አስተዳደር»። «ማህበራዊ ተጠያቂነት»። «አሳታፊ እቅድና በጀት»። ከአብነት እስከ ጌጃ ሰፈር፣ ከባልቻ ሆስፒታል እስከ ሰንጋ ተራ እነዚህን ቃላት ያልሰማ የልደታ ልጅ የለም። ባነር ላይ አይተሃቸዋል። ስብሰባ ላይ ተነግረውሃል። ማታ በዜና «ነዋሪው በመድረኩ መደሰቱን ገለጸ» ሲባልም ሰምተህ ስቀህ ይሆናል።

ዛሬ ግን አንስቅም፤ እንገመግማለን። ገምግሙ አይደል የሚሉን? እንግዲያውስ ግምገማው ራሱ ይገምገም።

መጀመሪያ ሐቁን እንናገር

በአገራችን ከእንዲህ ዓይነት ፕሮጀክቶች ሁሉ ትልቁ «የኢትዮጵያ ማህበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም» የሚባለው ነው። በ1998 ዓ.ም. ለጋሾች ካቆሙት «የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ» ፕሮግራም ጋር በሙከራ መልክ ተወለደ። በሁለተኛው ምዕራፉ ከ200 በላይ ወረዳዎችን አዳረሰ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ሰው በየቡድኑ ይቀመጣል፦ ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ አረጋውያን ለብቻ፣ አካል ጉዳተኞች ለብቻ። ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ወይም ስለ ውሃው ነጥብ ይሰጣሉ። ሠራተኞቹም ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኝተው ነጥባቸውን ያስተያያሉ፤ የጋራ የሥራ እቅድ ያወጣሉ። ይሄ «የውጤት ካርድ» ይባላል።

ይሄ ነገር ጥቅም የለውም የሚል ካለ ተሳስቷል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ስሟን ጠርቶ የማያውቅ ሠራተኛ ፊት ቁጭ ብላ «እኛን የምታስተናግዱን እንዲህ ነው» ብላ በድፍረት የተናገረች እናት፣ ያ ቀን ለእሷ ትልቅ ቀን ነው። የተማሪ መጸዳጃ ቤት በር ኖሮት፣ የካርድ ክፍሉ በሰዓቱ ተከፍቶ ከሆነ ይሄ ስድብ አይገባውም። ድሃ ተናግሮ የተደመጠበትን መድረክ እኛ አናጣጥልም።

ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሥሩን እንይ።

ፕሮጀክቱ የተወለደበትን ዓመት ልብ በል

1998 ዓ.ም.! ይሄ ዓመት ምንድነው? ታላቅህን ጠይቅ።

ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ በግንቦት 1997 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። ሕዝቡ ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይናገር? የሆነውን ታውቃለህ። ወጣቱ አደባባይ ላይ በጥይት ወደቀ፤ መሪዎቹ ቃሊቲ ገቡ፤ ከተማዋም በአቶ ብርሃነ ደሬሳ ለሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች።

ለጋሾቹስ ምን አደረጉ? ለመንግሥት በቀጥታ ይሰጡ የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ገንዘቡ «የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ» በሚል ስም፣ በክልልና በወረዳ በኩል ዞሮ መጣ። «ተጠያቂነት» የሚባለው ክፍልም ከዚሁ ጋር ተያይዞ መጣ።

አስተዋልክ? የምርጫ ካርዱ በተቀደደ ማግስት የውጤት ካርድ ታደለን። መንግሥትን መለወጥ ለተከለከለ ሕዝብ ነርስን የመገምገም መብት ተሰጠው። ፕሮጀክቱን ያሰቡት ሰዎች ክፉ ናቸው አላልንም። ብዙዎቹ ቅን ናቸው። ግን በዚያ ዓመት የተወለደ ነገር የዚያን ዓመት ጠባሳ ይዞ ነው የሚያድገው።

ጣሪያው የት ላይ ነው?

የፕሮጀክቱ ትልቁ ችግር ጣሪያው ዝቅ ማለቱ ነው።

ነርሷን ትገመግማለህ። መድኃኒት የለም ስትላት «በጀት አልተለቀቀልንም» ትልሃለች። እውነቷን ነው። እሺ፣ በጀቱን የደለደለውን ማን ይገመግመው? እሱ በመድረኩ የለም። ካለም የመክፈቻ ንግግር አድርጎ «ሌላ ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ወጥቷል። ታች ያለችው ሠራተኛ ደመወዟ ለቤት ኪራይ ሳይበቃት የሕዝብ ቁጣ ትቀበላለች፤ ላይ ያለው ደግሞ «ሕዝቡን አሳትፈናል» የሚል ሪፖርት ይጽፋል።

ጨዋታው ይሄ ነው። ተጠያቂነት ወደ ታች ይወርዳል፣ ሥልጣን እዚያው ላይ ይቀራል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ ቁጥር 621ን አስታውስ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በዴሞክራሲና በሰብዓዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ይሄ ፕሮጀክት ግን ቀጠለ። ለምን? መንግሥት ራሱ የፈረመበት ስለሆነ፣ ስለ አገልግሎት እንጂ ስለ መብት ስለማያወራ። «ውሃ የለም» ማለት ይቻላል፤ «መብቴ ነው» ማለት ግን ሕገ ወጥ! አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1113 ተተካ። ልማዱ ግን አብሮ ተተክቷል ወይ? መልሱን የሰፈር ስብሰባ የገባ ያውቀዋል።

የልደታ ትምህርት

የልደታ ሕዝብ «ተሳትፎ» የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ አልተማረውም። በቤቱ ነው የተማረው።

በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ከልደታ ማርያም እስከ ፍርድ ቤቱ ያለው አሮጌ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ተነሳ። ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ ኮሚቴም ነበር። ጥያቄው ግን «ይነሳ ወይስ አይነሳ?» አልነበረም። «ኮንዶሚኒየም ነው የምትፈልገው ወይስ ሌላ የቀበሌ ቤት?» ነበር። ውሳኔው ካለቀ በኋላ የተጠራ ስብሰባ ምክክር አይባልም፤ መርዶ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

የደሳሳ ቤት ጠበቃ አይደለንም። ጣሪያው የሚያፈስ፣ አንድ ሽንት ቤት ለብዙ አባወራ የሆነ ሰፈር መለወጥ ነበረበት። ግን ከቤቱ ጋር ምን እንደፈረሰ ቁጠር። እድር ፈረሰ። እቁብ ተበተነ። ከጎረቤት በርበሬ የምትበደር እናት ማንንም በማታውቅበት ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠች። ባዛር አጠገብ ጉሊት የነበራት ሴት ገበያዋን አጣች። ይሄን ኪሳራ የሚሞላ ሳጥን በየትኛውም የውጤት ካርድ ላይ የለም።

ከዚያስ ተማርን? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቅ አዋጅ ቁጥር 1161 ባለይዞታዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማማከር ያስፈልጋል አለ። ጎበዝ! ግን አስቸኳይ ከሆነ ባነሰ ጊዜም ይቻላል የሚል በርም ተወ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ እንዴት ባለ ፍጥነት እንደተነሱ ያየ ሰው፣ የቱ በር ሰፊ እንደሆነ ይነግርሃል።

ወረዳህን መቼ መረጥክ?

ሕገ መንግሥቱን አንብብ። አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል።

ሊያነሳው ይችላል! እሺ፤ መጀመሪያ ግን መምረጥ አለበት እኮ።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የየቀበሌው ምክር ቤት እስከ 300 መቀመጫ ድረስ ተለጠጠ። በአገር ደረጃ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር! ከዚህ በላይ «አሳታፊ» ምን አለ? ወንበሩ ግን ከጥቂቶች በቀር ሁሉም የአንድ ወገን ሆነ። በሚያዝያ 2005 ደግሞ 33 ፓርቲዎች ከምርጫው ራሳቸውን አገለሉ። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። በሰኔ 2013 የቀረበልህ ወረቀት የፓርላማውና የከተማው ምክር ቤት ነበር፤ የወረዳው አልቀረበልህም። 138ቱንም የከተማ መቀመጫ አንድ ፓርቲ ወሰደው።

ስሌቱን ሥራ። በ2005 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ የልደታ ልጅ በ2013 18 ሞላው። ካርድ አወጣ፤ ተሰለፈ፤ ጣቱን ቀለም አስነካ። መታወቂያውን የሚያድስለትን፣ የሥራ አጥ ምዝገባውን የሚይዝለትን፣ ሼድ የሚሰጠውን ወይም የሚነሳውን ወረዳ ግን አልመረጠም። ይሄ ልጅ «አካታች አስተዳደር» የሚል ባነር ስር ቁጭ ብሎ ውሃና ብስኩት ቢሰጠው ምን ይሰማው?

በብራዚል ፖርቶ አሌግሬ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪው በየሰፈሩ ተሰብስቦ የከተማው የግንባታ በጀት የት ይዋል የሚለውን ቅደም ተከተል ያወጣ ነበር። ዓለም ሁሉ እሷን ይጠቅሳል፤ የእኛ ሠልጣኞችም በስላይድ ያሳዩናል። የማይነግሩን አንድ ነገር ግን አለ። እዚያ መጀመሪያ ምርጫ ተደረገ፤ በምርጫ ያሸነፈው አስተዳደር በጀቱን ጠረጴዛው ላይ አወጣ። እኛ ጋ ስላይዱ መጣ፤ ምርጫውና በጀቱ መንገድ ላይ ቀሩ።

«አካታች» ማንን?

የስብሰባውን ጥሪ ማን ያድላል? የብሎክ ተወካዩ። ለማን? ለሚያውቀው። ለዚህ ነው በየመድረኩ ያው ፊት፣ ያው አስተያየት፣ ያው ጭብጨባ የሚታየው።

ደባሉ አይጠራም። መታወቂያ የሌለው ተከራይ ነዋሪ አይባልም። በሥራ ሰዓት ለተጠራ ስብሰባ የቀን ሠራተኛው አይደርስም። አዳራሹ ፎቅ ላይ ከሆነ በዊልቸር የምትሄደው እህታችን ደረጃው ስር ትቀራለች፤ በሪፖርቱ ግን «አካል ጉዳተኞች ተሳትፈዋል» ተብላ ትቆጠራለች።

ይሄን ስንል ግን የራሳችንንም ጓዳ እንይ። የልደታ ኮንዶሚኒየሞች በአዋጅ 370/1995 መሠረት የየራሳቸው የቤት ባለቤቶች ማህበር አላቸው። አባሉ ማነው? ባለቤቱ። እዚያ የሚኖረው፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን የሚሸከመው ግን ስንቱ ተከራይ ነው? ድምፅ የለውም። ይሄን ለማስተካከል ለጋሽም ሚኒስትርም አያስፈልግም። በሚቀጥለው የሕንጻ ስብሰባ «ተከራዩም ይቀመጥ፣ ይናገር» ማለት በቂ ነው።

እድርን ተመልከት። ዳኛውን አባሉ ይመርጠዋል። ገንዘብ ያዡ ሂሳቡን በአባላት ፊት ያነባል። ያጎደለ ይጠየቃል፣ ይወርዳል። አካታች አስተዳደር ማለት ከውጭ የመጣ እውቀት ነው ያለው ማነው? እናቶቻችን ድንኳን ስር ሲሠሩበት ኖረዋል።

እና ምን እናድርግ?

«መድረኩ ሁሉ ድራማ ነው፣ አትሂዱ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ብስጭታቸው ይገባናል፤ ምክራቸውን ግን አንቀበልም። አንተ የተውከውን ወንበር አጨብጫቢ ይይዘዋል። ሂድ! ግን ባዶ እጅህን አትሂድ። ሦስት ጥያቄ ይዘህ ግባ፦

አንደኛ፣ እዚህ የተቀመጥነውን ማን መረጠን? ስም ዝርዝሩ በምን ተወሰነ?

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የት አለ? የወረዳው የዘንድሮ በጀት ስንት ነው፣ በምን በምን ተደለደለ? ካልነገሩህ በጽሑፍ ጠይቅ። አዋጅ 590/2000 ማንኛውም ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን መረጃ መጠየቅ ይችላል፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ ይሰጠው ይላል። ማመልከቻህን ሁለት ቅጂ አድርገህ አንዱ ላይ ማህተም አስመታ።

ሦስተኛ፣ ዛሬ የተስማማነው ባይፈጸም ማን ይጠየቃል? የሰው ስም፣ ቀንና ፊርማ በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።

ይሄን ስትጠይቅ አትሳደብ። የማንንም ብሔር፣ የማንንም እምነት አታንሳ። የፈሰሰው ቧንቧ ሁላችንንም እኩል ያስጠማል፤ የሚያጣላን ካለ የሚጠቀመው ሌላ ነው። በጨዋነት ጠይቅ፣ ጻፍ፣ መዝግብ፣ ደግመህ ሂድ።

ከሁሉ በላይ ግን ዋናውን አትርሳ። ነጥብ መስጠት የሚጠቅመው ነጥቡ የወደቀበትን ማውረድ ሲቻል ነው። ተማሪ ሆነህ ታውቀዋለህ፤ የማያስጥል ፈተና ፈተና አይባልም። ስለዚህ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ነፃ፣ ፍትሃዊ፣ እውነተኛ የወረዳ ምርጫ!

የውጤት ካርዱን እንሞላለን። የምርጫ ካርዳችንንም አምጡ።

ያነበብከው ለጓደኛህ አድርስ። ያነበብሽው ለሰፈርሽ ልጆች ላኪ።

#የወረዳ_ምርጫችን_የት_አለ