የጤናና የቤተሰብ ዓምድ፦ ትርፍ አንጀት በነጥብ ሲመዘን

ጁባ ላይ ሆዱን የታመመ ወታደር አስቀድሞ የሚጠረጥረው ወባን ነው፤ ወባ ካልተገኘበት ታይፎይድን፣ ታይፎይድም ካልሆነ የትናንቱን ወጥ። በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው በዚህች ከተማ ወባ ዓመቱን ሙሉ ስለማይጠፋ ጥርጣሬው መሠረት የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ የትርፍ አንጀት ሕመም በዚሁ ጥርጣሬ ሥር እየተሸሸገ ውድ ሰዓታትን ስለሚያባክን፣ ሐኪሞች በነጥብ እየመዘኑ እንዴት እንደሚለዩት በዛሬው ዓምዳችን ለሠራዊቱ አባላትና ለባለቤቶቻቸው ልናስረዳ እንወዳለን።

ትርፍ አንጀት ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ በቀኝ በኩል የተንጠለጠለች፣ የጣት ያህል ቀጭን ቱቦ ናት። መውጫዋ ሲዘጋ ትቈጣለች፣ መግል ትቋጥራለች፤ ካልተደረሰላትም ትፈነዳና መግሉ በሆድ ዕቃ ውስጥ ይሰራጫል። በልቶ መሮጥ ያመጣዋል የሚለው የሰፈር ወሬ ማስረጃ የለውም። ሕመሙን ዛሬ በሚታወቅበት ስም ጠርቶ ቶሎ በቀዶ ሕክምና መወገድ እንዳለበት ያስረዳው አሜሪካዊው ሐኪም ሬጂናልድ ፊትዝ ሲሆን፣ ይኸውም በ1886 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው በዚሁ ሕመም ምክንያት ተቀድደው መግሉ ወጣላቸው፤ በዓሉም ወደ ነሐሴ ተላለፈ። ዐፄ ምኒልክን ወክለው ለዚያ በዓል ለንደን የሄዱት ራስ መኮንን እንደነበሩ አንባቢያን ያስታውሱ ይሆናል።

ፊትዝ ከጻፈ ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1986 እ.ኤ.አ.፣ አልፍሬዶ አልቫራዶ የተባለ ሐኪም በፊላደልፊያ የ305 ሕሙማንን መዝገብ መርምሮ ከ10 የሚታሰብ መመዘኛ አወጣ። ሕመሙ እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው የሆድ ክፍል ከተዛወረ 1፣ ምግብ ካስጠላ 1፣ ካቅለሸለሸ ወይም ካስመለሰ 1፣ እጅ ተጭኖ ድንገት ሲነሣ ሕመሙ ከባሰ 1፣ የሰውነት ሙቀት 37.3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 1 ነጥብ ይሰጣል። የቀኙ ታችኛ ሆድ ሲነካ የሚያም ከሆነ 2፣ ነጭ የደም ሴል ከ10,000 ካለፈ 2፣ ከነጭ ሴሎቹም ውስጥ ኒውትሮፊል የተባሉት ከመቶ 75 ከበለጡ 1 ይታከላል። ድምሩ ከ5 በታች ሲሆን ትርፍ አንጀት የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው፤ 5 እና 6 በቅርብ መከታተልን ይጠይቃል፤ 7 እና ከዚያ በላይ ግን የቀዶ ሐኪም ዓይን የሚያሻው ነው።

አሁን ወደ ወባው እንመለስ። ወባ የያዘው ሰው ትኩሳት አለው፣ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሳል፤ በዚህ ብቻ 3 ነጥብ ይሰበስባል። ሁለት ሁለት ነጥብ የተሰጣቸው ግን የሐኪሙ እጅ በአንድ ቦታ የሚያገኘው ሕመምና የነጭ ሴል ብዛት ናቸው፤ ወባ ብቻውን ደግሞ ነጭ ሴልን እምብዛም ከፍ አያደርግም። የደም ምርመራው ወባ ቢያሳይ እንኳ የትርፍ አንጀቱ ጥርጣሬ አይዘጋም፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊታመም ይችላል።

እንበልና አንድ ወታደር ማታ እምብርቱ ላይ የጀመረው ሕመም ሌሊት ወደ ቀኝ ወርዶ፣ ቁርስ ጠልቶ፣ አንድ ጊዜ አስመልሶ ጧት ወደ ክሊኒክ መጣ፤ ሲነካም ያመዋል። ላብራቶሪ ሳይነካው 5 ነጥብ ሞልቷል። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ 37.6 ቢሆንና እጅ ሲነሣ የሚያመው ቢጨመር 7 ደረሰ ማለት ነው። ጧት 5፣ ቀን 7 መሆኑ ራሱ አንድ ማስረጃ ስለሆነ ሚዛኑ በየጥቂት ሰዓቱ ሊደገም ይገባዋል። በተባበሩት መንግሥታት አሠራር አንደኛ ደረጃ የሚባለው የሻለቃ ክሊኒክ ቀዶ ሕክምና አያካሂድም፤ ቀዶ ሕክምና የሚገኘው ከሁለተኛ ደረጃ ሆስፒታል ጀምሮ ነው። ስለሆነም ነጥቡ መኪና የሚነሣበትን ሰዓት ይወስናል። ሕመሙ ጥበቃ ላይ ሳለ መጀመሩን የደበቀ፣ ወይም ፈቃዱ እንዳይሰረዝበት «ትናንት ነው የጀመረኝ» ያለ ወታደር የሚያሳስተው ይህን ሚዛን ነው።

ለእኅቶቻችን የምንለው ይለያል። በ2011 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ ምርመራ እንዳሳየው፣ የአልቫራዶ ነጥብ በወንዶች ዘንድ ለእውነት ሲቀርብ በሴቶች ላይ ያጋንናል። የእንቁላል ማፍሪያ ሕመምና ከማሕፀን ውጭ የተያዘ እርግዝና በዚያው በቀኝ በኩል ሊያሙ ይችላሉ፤ ሁለተኛው ደግሞ ደም አፍስሶ ይገድላል። ስለዚህ የወር አበባዋ የቀረበትን ቀን ለሐኪሙ ያለ እፍረት መንገር፣ የእርግዝና ምርመራና አልትራሳውንድም መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለቤቷ የዘመተባት እናት ልጆቹን የምትጥልበት አጥታ እስኪነጋ ስትታገሥ እናውቃለን፤ ጎረቤት የሚጠራው ለዚህ ጊዜ ነው።

ከአልቫራዶ ወዲህ በ2008 በስዊድን፣ በ2014 በፊንላንድ ሌሎች መመዘኛዎች ወጥተዋል፤ የብግነትን መጠን የሚያሳይ ተጨማሪ የደም ምርመራ ስለሚይዙ፣ የዓለም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማኅበር በ2020 መመሪያው ለአዋቂዎች እነርሱን መርጧል። አልቫራዶም ሕመሙ አለመሆኑን ለመለየት እንጂ መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻውን እንደማይበቃ ገልጿል። ያ የደም ምርመራ በሌለበት ክሊኒክ ግን አሮጌው ሚዛን ከግምት ይሻላል ባዮች ነን።

«በመርፌ ይድናል» የሚባለውም ከፊል እውነት አለው። በ2020 በአሜሪካ የወጣ 1,552 አዋቂዎችን ያካተተ ጥናት፣ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ብቻ ከታከሙት ከዐሥሩ ሦስት የሚያህሉት በ90 ቀን ውስጥ መቀደዳቸውን አሳይቷል። እነዚያ ሕሙማን በምስል የተረጋገጠላቸውና ሆስፒታል በቅርብ ያላቸው ነበሩ፤ በድንኳን ውስጥ በራስ ፈቃድ ከተዋጠ ክኒን ጋር አይወዳደርም።

ቤት ውስጥ ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይወሰድ፤ ሆድ አይታሽ፤ ሐኪም እስኪያይ ምግብ ይቆይ። ሐኪሙ ራሱ ማስታገሻ ቢሰጥ ምርመራውን ያበላሻል የሚለው የጥንት ሥጋት ግን በዛሬ ጥናት ውድቅ ሆኗል። በብርቱ ሲያም የቆየ ሆድ ድንገት ቢቀልለትም ፈንድቶ ሊሆን ስለሚችል ጉዞው አይሰረዝ። ሕመምተኛውን የሚልከው የጤና ባለሙያ በወረቀቱ ላይ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ ነጥቡ የተቈጠረባቸውን ሰዓታት ከነድምራቸው፣ የተሰጠውንም መድኃኒት ይጻፍ፤ ወረቀቱም ከሕመምተኛው ኪስ ይልቅ በሸኚው እጅ ይሁን።